የጋሽ ሀመሶ ጥሩምባ

ጋሽ ሀመሶ ያረፉ ዕለት የሰፈራችን ሰው ከየቤቱ የወጣው እየሳቀ ነው። ይህን ስጽፍ ሰው ይታዘበናል ብዬ እፈራለሁ። እሳቸውን የሚያውቅ ግን አይታዘበንም፤ የማያውቃቸውም ጥቂት ቢታገሠኝ ነገሩ ይገባዋል።

ጋሽ ሀመሶ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ከአስፋልቱ ጀምረው እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ እየዞሩ ይነፋሉ። በየማዕዘኑ ቆም ብለው ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በሲዳምኛ ይለፍፋሉ። ዘመድ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ካለም ብስክሌታቸው ላይ ወጥተው እዚያ ድረስ ይሄዳሉ። ልፈፋቸውን ሲጨርሱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጨምሯት ነገር አለች፤ «ጫማችሁን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ጭቃ ነው!» ይላሉ። በጋም ይሁን፣ አቧራው ዓይን ያጥፋ፣ ለእሳቸው ሁልጊዜ ጭቃ ነው።

አንድ ቀን ለምን እንደሚሉት ጠየቅኳቸው።

«ሰው ሞት ሲሰማ ልቡ ባዶ ይሆናል» አሉኝ። «ባዶውን ከሚቀር ጫማውን ያስብ ብዬ ነው። ጫማውን እያሰበ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሰው አለ፣ ይደግፈዋል።»

ቀን ቀን ከአጥራችን ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ብስክሌት ይጠግኑ ነበር። ያኔ ሀዋሳን ባጃጅ ገና አልወረራትም፤ አስተማሪውም፣ ነርሷም፣ ዓሣ ሻጩም በብስክሌት ነው የሚሄደው። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ጉንጫቸው ከመንፋት ብዛት ላላ ብሏል። ጠርዟ በቅባት የጠቆረ አንዲት ቡናማ ባርኔጣ ነበረቻቸው። እሷን የሚያወልቋት ጸሎት ላይና ቀብር ላይ ብቻ ነው። ፀሐይ ቢበረታ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ትልቅ ሰው ቢያልፍ ባርኔጣዋ ንቅንቅ አትልም።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። በሁሉም ነገር ቀድሞ የሚታየኝ ክፉው ነው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ቢኒያም ይባላል። ትንሽ ሳለ ሐይቁን ፈራሁለት፣ ብስክሌቱን ፈራሁለት፣ የዓሣውን አጥንት ፈራሁለት። ጋሽ ሀመሶ ይህን ስለሚያውቁ ጠዋት ሲያዩኝ እንደ ሌላው ሰው እንዴት አደርሽ አይሉኝም።

«የቢኒያም እናት፣ ዛሬ ምን ፈራሽ?» ነው የሚሉኝ።

ሌላ ሰው ቢለኝ እቀየመዋለሁ። እሳቸው ግን መልሱን የምራቸውን ነበር የሚጠብቁት፤ የያዙትን ጎማ መሬት አስቀምጠው ቀና ይላሉ።

«ጦጣ ልጁን ይነክስብኛል ብዬ ነው።»

«የትኛው ጦጣ?»

«እንጃ፣ ከሐይቁ ዳሮቹ አንዱ።»

«ካላወቅሽው እንግዲህ ለሁሉም መንገር አለብኝ» ይሉና ወደ ጎማቸው ይመለሳሉ። ማታ ቢኒያም ከትምህርት ቤት ሲገባ ከአጥሩ ወዲያ ይጣራሉ፤ «የቢኒያም እናት! ጦጦቹ እሺ ብለዋል!»

ጋሽ ሀመሶ ከዕድሩ ሌላ የሚወዱት ነገር ቢኖር የከተማችንን የእግር ኳስ ቡድን ነው። ችግሩ ለሁለቱም ያላቸው ጥሩምባ አንድ መሆኑ ነበር። እሁድ እሁድ ጥሩምባውን ኮታቸው ውስጥ ደብቀው ስታዲየም ይገባሉ፤ ቡድናችን ጎል ሲያገባ አውጥተው ይነፋሉ። ስታዲየሙ ደግሞ ከሰፈራችን ጀርባ ነው፣ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ድምፁን አምጥቶ ደጃችን ላይ ይጥለዋል። እዚያ የተቀመጠው ሰው ይጨፍራል፤ እዚህ ያለነው ሴቶች ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንወጣለን።

አንድ እሁድ የማዕዘኗ ሻይ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ሽታዬ ጥሩምባውን ሰማች። ሽታዬ እንደኔ አይደለችም፣ ቆማ አታስብም። በዚያ ሰሞን አቶ በቀለ የሚባሉ ጡረተኛ ጎረቤታችን አልጋ ይዘው ስለነበር ሌላ ሰው አልመጣላትም። ደረቷን እየደቃች፣ «ወንድሜ! ወንድም ጋሼ!» እያለች ቤታቸው ዘው ብላ ስትገባ አቶ በቀለ ትራስ ተደግፈው ዓሣ ጎረስ ጎረስ እያደረጉ ይበላሉ።

ቀና ብለው አይተዋት፣ «ገና ነኝ ሽታዬ፤ እስከዚያው ተቀመጪና ብዪ» አሏት።

በኋላ ግን አቶ በቀለ ነገሩን ሲያስቡት ከፋቸው። በቁሜ ተለቅሶብኛል ብለው ለዕድሩ ከሰሱ። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ግርማ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሰውን ሁሉ እንደ ተማሪ ነው የሚያዩት። ጋሽ ሀመሶን አስቁመው ከገሠጹ በኋላ ፍርድ ሰጡ። ከዛሬ ጀምሮ ጥሩምባው ጋሽ ሀመሶ ቤት አያድርም። በሰፈሩ ውስጥ ካለ ሰው ሁሉ ጠንቃቃ ወደሆነው ቤት ይሄዳል። ጋሽ ሀመሶ ሲፈልጉ እዚያ መጥተው የሟቹን ስም ይናገራሉ፤ ስም ካልተናገሩ አይሰጣቸውም።

ጠንቃቃ ማን እንደሆነ ለመምረጥ ብዙም አልተከራከሩም። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

እንግዲህ ጥሩምባው ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከክት ልብሴ ሥር ገባ። ክብር ነው፤ ለእኔ ግን ስቃይ ሆነብኝ። ሌላው ሰው ጋሽ ሀመሶን በሩ ላይ ሲያይ ጎረቤት መጣ ይላል፤ እኔ ማን ሞተ እላለሁ። ጨው ሊበደሩ ቢመጡ እንኳ ከሰላምታ በፊት «ማን ነው?» የሚል ቃል ከአፌ ያመልጣል።

«ጨው ነው» ይሉኛል በሐዘን ድምፅ። «ቤታችን ውስጥ ጨው አልቋል።»

ቢኒያም አድጎ ኳስ ተጫዋች ሆነ። ለዚህም ተጠያቂው እሳቸው ናቸው፤ ጎማ እያስነፉት ወደ ስታዲየም የሚወስዱት እሳቸው ነበሩ። የከተማው ቡድን ሲመርጠው አባቱ ተደሰተ፣ እኔ አልቅሼ አይሆንም አልኩ። እግሩ ቢሰበርስ? ጭንቅላቱን ቢመታስ? ጋሽ ሀመሶ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሊያግባቡኝ መጡ።

«የቢኒያም እናት፣ ልጅሽ እኮ ተጠባባቂ ነው።»

«ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት ነው?»

«መቀመጥ ማለት ነዋ! ሌሎቹ ይራወጣሉ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። ማልያ ይሰጡታል፣ ምሳ ያበሉታል፣ ይቀመጣል። የተቀመጠ ሰው እግሩ ሲሰበር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይቼ አላውቅም። እሺ አልኩ። እውነትም ያን ዓመት ሙሉ ልጄ ተቀመጠ። በየሳምንቱ ጋሽ ሀመሶ ከስታዲየም ሲመለሱ ውጤቱን ከመናገራቸው በፊት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ተቀምጧል!» ይሉኛል። ለእኔ ውጤቱ እሱ ነበር።

ያ ቡድን ነው እንግዲህ በዚያው ዓመት የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው። ጨዋታው አዲስ አበባ ነው፣ ከትልቁ የአዲስ አበባ ቡድን ጋር። ከተማው አበደ። ባለቤቴ ከደጋፊዎቹ አውቶቡስ ጋር ሄደ፤ የምፈራለት ሰው ሁለት ሆነልኝ። ለቢኒያም የአዲስ አበባ ብርድ እንዳይመታው አንድ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ገዛሁለትና በማልያው ሥር እንዲለብሰው አስማልኩት።

«እማዬ፣ ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅብህ። ተቀምጠህ አይደል የምትውለው? የተቀመጠ ሰው ነው የሚበርደው።»

ጋሽ ሀመሶ ግን ሊሄዱ አልቻሉም። የዕድር ጥሩምባ ነፊ ከተማ ለቆ ቢሄድና ሰው ቢሞት ማን ይነፋል? ተተኪ ለማግኘት ያልለመኑት ሰው የለም። ጥሩምባ መንፋት ደግሞ እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሞከረው ሁሉ ጉንጩን ነፍቶ ዓይኑን አፍጥጦ ቀረ። አውቶቡሱ ሲነሳ እያጨበጨቡ ሸኙትና ዋርካቸው ሥር ተመለሱ።

«የቢኒያም እናት፣ ዛሬ ምን ፈራሽ?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

«መንገዱን።»

«መንገዱ ደህና ነው» አሉ። «እዚህ የቀረ ሰው ነው የተጎዳው።»

የጨዋታው ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሽታዬ ሻይ ቤት ተሰበሰበ። ትልቅ ሬዲዮ አላት፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ቤቴን ዘግቼ በርበሬ ልቀነጥስ ተቀመጥኩ። የኳስ ጋዜጠኛ ድምፅ አልችልም፤ ሰው እየታረደ የሚያይ ነው የሚመስለኝ። ጋሽ ሀመሶ ይህን ስለሚያውቁ በየመሃሉ እየመጡ ሊነግሩኝ ቃል ገብተው ነበር።

እረፍት ላይ መጡ። «ባዶ ለባዶ። ተቀምጧል።»

«ተመስገን።»

መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ ዳግመኛ መጡ። ባርኔጣቸው ወደ ኋላ ሸርተት ብላለች። «አሁንም ባዶ ለባዶ። ሊጨመር ነው።»

«ምኑ?»

«ሰዓቱ ነዋ። አልተሸናነፉም፣ ተጨማሪ ሰዓት ይጫወታሉ።»

«አልቋል ካላችሁ በኋላ ማነው የሚጨምረው? ልጆቹ አይደክሙም?»

«ሕጉ ነው።»

«ቢኒያምስ?»

ጋሽ ሀመሶ መሬት መሬት አዩ። በሕይወታቸው መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። «ቢኒያም…» አሉ፣ «እዚያው መቀመጫው አካባቢ ነው።»

«አካባቢ ማለት?»

«አካባቢ ነዋ! ሰውነቱን ሊያፍታታ ተነሳ፤ ይመለሳል» ብለው እየተቻኮሉ ሄዱ። በኋላ እንደሰማሁት አንዱ ልጃችን ቆስሎ ወጥቶ ቢኒያም ሊገባ መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ በርበሬውን አላየሁትም፤ ጆሮዬ ውጭ ቀረ። ከሻይ ቤቱ አንዴ ጩኸት ይመጣል፣ አንዴ ዝም ይላል። ዝምታው ይብሳል። ድንገት ሻይ ቤቱ የፈረሰ እስኪመስለኝ ድረስ ጮኹ። ብርጭቆ ተሰበረ። ሰው ሲሮጥ ሰማሁ፤ በሬ ተበርግዶ ጋሽ ሀመሶ ገቡ።

ባርኔጣ የላቸውም።

ያ በራ ራሳቸው ወለል ብሎ ይታያል። ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ትንፋሽ አጥሯቸው ግድግዳውን ይዘው፣ «ጥሩምባውን!» አሉ።

ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። እንደ ልማዴ «ማን ነው?» አልኩ።

«ቢኒያም!» አሉ። ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሲቃ ያዛቸው። «ቢኒያም! የእኛ ቢኒያም!»

ሌላ ነገር አልሰማሁም። በርበሬው ከነሰፌዱ ተገለበጠ፤ እኔም አብሬው። እሳቸው የፈቀድኩላቸው መስሏቸው ነው መሰለኝ ቁም ሳጥኑን ራሳቸው ከፍተው ጥሩምባውን መዘዙ፤ የክት ቀሚሴ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አብሮ ወጣ። እንደዚያው ከነቀሚሴ ይዘውት ወደ መንገድ በረሩ።

ከዚያ ነፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነፉት አንድ ዓይነት ነው፤ ረጅሙን፣ እያዘቀዘቀ የሚሄደውን። በመሃሉም «ቢኒያም! ቢኒያም የወይዘሮ ዘነበች ልጅ!» ብለው በዚያው በለመዱት የልፈፋ ዜማ ጮኹ። ዘነበች እኔ ነኝ።

ሬዲዮ ያልነበረው የሰፈር ሰው ምን ይበል? ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጋቢውን አጣፍቶ እየጮኸ መጣ። ሬዲዮ የሰማው ደግሞ እየዘለለ፣ ቅጠል ይዞ፣ እያጨበጨበ መጣ። ሁለቱ ወገን በእኔ በር ላይ ተገናኙ። አንዱ «ልጄን! ልጄን!» ይላል፣ ሌላው «ሆ!» ይላል። የሚጨፍሩት የሚያለቅሱትን ሲያዩ ደስታ ነው ያስለቀሳቸው አሉ። የሚያለቅሱት የሚጨፍሩትን ሲያዩ ምን ዓይነት ጊዜ መጣ፣ በሰው ሐዘን ይጨፈራል ወይ አሉ። ሁለት ሰዎች ሊደባደቡ ተያይዘው ሽማግሌ ገላገላቸው።

ሽታዬ ገፍትራ ገብታ አቀፈችኝ። «ዘኒ! ኧረ ምን ሆነሻል? ልጅሽ ደህና ነው! ጎል አገባ እኮ ነው!»

«ደህና ነው?» አልኩ።

«በጣም ደህና ነው!»

ይህን ጊዜ ባሰብኝ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማላውቅ መሰላት? እኔ ራሴ ስንቱን «ትንሽ አሞት ነው፣ አሁን ግን ደህና ነው» ብዬ አውጥቼ፣ ነጠላ አልብሼ ለቅሶ ቤት ያስገባሁ ሰው ነኝ። ሰው ደህና ነው ደህና ነው ሲባል ነው የሞተው። «ደህና ነው» ባሉኝ ቁጥር ኡኡ አልኩ፤ ኡኡ ባልኩ ቁጥር ሁሉም አንድ ላይ «ደህና ነው!» ይላሉ።

ጋሽ ሀመሶ ድምፄን ሰምተው ከመንገድ ተመለሱ። መሬት ላይ ሆኜ ሲያዩኝ ጥሩምባው ከእጃቸው ወደቀ። ፊቴ ተንበረከኩ። «የቢኒያም እናት፣ እኔ ልሙት፣ ጎል ነው! ጎል አገባ! ጎል ነው የምልሽ!»

«ጋሽ ሀመሶ፣ በእግዜር ይሁንብዎ፣ ጥሩምባ ነፍተው አይዋሹኝ» አልኳቸው። «እርስዎ በሐሰት ነፍተው አያውቁም።»

ይህን ስላቸው ልክ እንደተመታ ሰው ሆኑ።  አጠገቤ፣ ከምድጃው ዳር አመድ ላይ ቁጭ አሉና ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ዋንጫውን ረስቷል፤ ሬዲዮው ሻይ ቤቱ መስኮት ላይ ለራሱ ይጮኻል። ጨዋታው እንዴት እንዳለቀ ከመካከላችን የሰማ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ሰው ግን ሰምቶ ነበር። ሕዝቡ እየተከፈለ መንገድ ሲሰጥ አየሁ። አቶ በቀለ ናቸው፤ ያ ሽታዬ በቁማቸው ያለቀሰችባቸው ሰውዬ። በፒጃማ፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ትንሽዬ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እያነከሱ ይመጣሉ።

«ዝም በሉ!» አሉ። «ዝም በሉ እንጂ! ልጁ እያወራ ነው!»

ሬዲዮዋን አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጧት። መጀመሪያ የጋዜጠኛው ድምፅ መጣ፤ ዋንጫውን ያስገኘውን ጎል እንዴት አገባኸው ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ልጄ ተናገረ።

«እኔ አላየሁትም» አለ ቢኒያም። «ኳሱ ከጀርባዬ መጥቶ መታኝ። ዞር ስል ሰው ሁሉ ላዬ ላይ ነው። ጎል መሆኑን የነገሩኝ ከሥር ሲያወጡኝ ነው።»

«አልተጎዳህም?»

«አልተጎዳሁም። ሹራብ ለብሼ ነበር።»

ጋዜጠኛው ሳቀ። ደስታህን ለማን ታካፍላለህ አለው።

«ለእናቴ» አለ። «እማዬ፣ እንዳልሽው አላወለቅኩትም።»

 ሁሉም እኔን ያያል። አሁን ምን ትላለች ብለው እንደጠበቁ ገባኝ፤ እኔ ግን ጆሮዬ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ድምፁ ጎርነን ብሏል» አልኩ። «ጉንፋን ይዞታል።»

እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። የሚያለቅሱትም የሚጨፍሩትም አንድ ላይ ሳቁ። አቶ በቀለ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «እሰይ! እኔ ብቻዬን አልሆንኩም። እሱም በቁሙ ተለቀሰለት!» አሉ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሁሉ መልሳ አስተካክላ እልል አለች።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ጋሽ ሀመሶ አመዱ ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። የሆነ ሰው ባርኔጣቸውን ከመንገድ አንስቶ ሰጣቸው፤ ጭናቸው ላይ አድርገው ይዘዋት ቀሩ፣ አልለበሷትም።

«ጋሽ ሀመሶ፣ ይነሱ እንጂ» አልኳቸው።

«የቢኒያም እናት» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ዛሬ እኔ ነኝ የፈራሁት።»

ዕድሩ ተሰበሰበ። አቶ ግርማ ከፊት ተቀምጠው ጋሽ ሀመሶ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ። ሽታዬ ተነስታ፣ «ይኸው ሁለተኛ ጊዜው ነው! በዚህ ሰውዬ ምክንያት ሁለት ጊዜ በነፃ ተለቀሰ!» ብላ ጮኸች። ከሥራቸው ይውረዱ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጋሽ ሀመሶ አልተከራከሩም። «ልክ ነው» አሉ። «እናት አስለቅሻለሁ። ጥሩምባውን ለሌላ ስጡት።»

አቶ ግርማ ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ የተበደሉት እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?»

በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርቴን ያቋረጥኩት፣ ሰው ፊት መቆም ያርበተብተኛል። ግን ተነሳሁ። «እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሞት ሲያዞሩ ኖሩ» አልኩ። «አንድ ቀን የምሥራች ይዘው ቢሮጡ እንዴት እንደሚነገር ከየት ይወቁት? ማን አስተማራቸው? እኔ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ለሞት ሲመጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይምጡ፤ ለጎል ሲመጡ ለብሰው ይምጡ። ከሩቅ አይቼ ልወቅ።»

ሰው ሳቀ፤ አቶ ግርማ ግን አልሳቁም፣ ጥሩ ሐሳብ ነው ብለው አጸደቁት። በዚያውም ላይ ለጎልና ለሞት አነፋፉ ይለይ አሉ። ጋሽ ሀመሶ ከዚያ ሰሞን ጀምሮ በሐይቁ ዳር አዲስ አነፋፍ ሲለማመዱ ከረሙ። አጠር አጠር ያለ፣ እንደ ፍየል ግልገል የሚዘል ነገር አወጡ። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን አባረሩብን ብለው አማረሩ። እሁድ እሁድ ጥሩምባውን ሊወስዱ ሲመጡ ከማዕዘኑ ጀምረው ባርኔጣዋን በእጃቸው ራሳቸው ላይ ተጭነው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ነፋስ እንኳ እንዳይወስዳትና እንዳታስደነግጠኝ።

ዓመታት አለፉ። ባጃጁ በዛ፣ ብስክሌቱ አነሰ፤ በዋርካው ሥር ሥራ ጠፋ። ሰዉ ሁሉ ሞባይል ያዘ፣ ሞትም በስልክ ይነገር ጀመር። አቶ በቀለ በጊዜያቸው አረፉ፤ ጋሽ ሀመሶ ረጅሙን አነፋፍ ለእሳቸው ያህል አሳምረው የነፉት ሰው የለም። ቢኒያም ኳሱን ትቶ የስፖርት አስተማሪ ሆነ። ጋሽ ሀመሶም ትንፋሽ እያጠራቸው መጣ። ጥሩምባው ግን የእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ማለታቸውን አልተዉም።

«የቢኒያም እናት፣ ዛሬ ምን ፈራሽ?»

«የእርስዎን ሳል።»

«እሱን እኔ እነግረዋለሁ» ይሉኛል። ሳሉ ግን እንደ ጦጦቹ እሺ አላለም።

አንድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ልጃቸው አስቴር ናት።  የአባቷን ባርኔጣ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሄጄ ጥሩምባውን ከክት ልብሴ ሥር አወጣሁት።

ማን ይንፋው? አቶ ግርማ በዚያ ዕድሜያቸው ሞከሩ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ። ሌሎቹም ሞከሩ። በመጨረሻ ቢኒያም ተቀበላቸውና ነፋ። ወጣለት። የወጣለት ግን ያ ዘላዩ ነው፤ ልጄ ከጥሩምባ ሁሉ የሚያውቀው ሜዳ ውስጥ ሆኖ ይሰማው የነበረውን ብቻ ነው። አጠር አጠር እያለ፣ እየፈነጠዘ በጠዋቱ መንገድ ላይ ሄደ።

«ኧረ ይሄ አይደለም!» አሉ አቶ ግርማ። «ይሄ የጎል ነው! አስቁሙት!»

«ይተዉት» አልኩ። «ይንፋ።»

በሮች ተከፈቱ። ሰው እየሳቀ ወጣ። ሽታዬ ፎጣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ «ደሞ በጠዋት ማን ከማን ተጫወተ?» እያለች መጣች። ከዚያ በአስቴር እጅ ያለችውን ባርኔጣ አየች፤ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ከኋላዋ የመጣውም እንደዚያው ሆነ። ሁሉም መንገዱ መሃል ቆሞ እኛን ያያል።

አሁን ልፈፋው ቀረ። ቢኒያም ጥሩምባውን ከአፉ አወረደ። እኔን አየኝ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል፤ ልባቸው ባዶ ሲሆን ታየኝ።

ስለዚህ እኔ ጮህኩ። በሕይወቴ መንገድ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

«ጋሽ ሀመሶ አርፈዋል!» አልኩ። «ጋሽ ሀመሶ፣ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ! ቀብር ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው! ጫማችሁን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ጭቃ ነው!»

የበጋ ፀሐይ ነበር፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ።